አንድ ጣት ክፍተት

ዝናቡ ሰኔ ማለቂያ ላይ ገብቶ እስከ ነሐሴ አጋማሽ አላባራም። ጦርነቱ ሦስተኛ ክረምቱን ይዟል። ከካርቱምና ከመዳኒ የሸሸ ሰው ገዳሪፍን ሞልቷት ትምህርት ቤቶቹ መኝታ ሆነዋል፤ ሁለት መቶ ሰው ባንድ ቧንቧ ይቀዳል። የአንድ ክፍል ኪራይ ባንድ ዓመት ሦስት እጥፍ ወጣ። ስኳር ኪሎው አራት ሺህ ገባ። ናፍጣ ከማደያ ጠፍቶ ከጓሮ በጀሪካን ይሸጣል፤ ውሃ የተቀላቀለበት ስለሚበዛ ሾፌሮች ከመግዛታቸው በፊት በላስቲክ ጠርሙስ ቀድተው ወደ ብርሃን ያዩታል። በየሰፈሩ የተቅማጥ በሽታ ገብቶ ሾፌሩ ደሴ በሚኖርበት መንደር ብቻ ከአምስት ቤት ሬሳ ወጣ። ሰሊጥ የዘሩት ሰሊጣቸው ላይ ውሃ ተኛበት። ብርዱም ያልተለመደ ነበር፤ ዓመቱን ሙሉ ሙቀት ሲራገም የሚኖር ሰው በቀትር ብርድ ልብስ ተከናንቦ ገበያ ይወጣል።

ደሴ ስድሳ ሦስት ዓመቱ ነው። የሐጂ ሱለይማንን ሚኒባስ ከገዳሪፍ ሀዋታ ይነዳል። ያን ማክሰኞ ጧት አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሐጂ ግቢ ደርሶ፣ እንደ ወትሮው ከሞተሩ በፊት የፊቱን መስተዋት ያዘ። መስተዋቱ ላይ አየር የሚነፋው የመኪናዋ ማራገቢያ ከተቃጠለ ሁለት ዓመቱ ነው። ዕቃው ይመጣ የነበረው ከካርቱም ነው፤ አሁን ከካርቱም የሚመጣው ሰው ብቻ ነው። ማራገቢያ የሌላት መኪና በዝናብና በብርድ ቀን አሥራ አራት ሰው ከጫነች፣ የሰዉ ትንፋሽ መስተዋቱ ላይ ተቀምጦ ከውስጥ እንደ ወተት ያነጣዋል። የውጩን ውሃ መጥረጊያው ይጠርገዋል፤ የውስጡን የሚጠርግ የለም። በእጅ ሲጠርጉት ይብሳል፣ የእጅ ወዝ ይዞ ይዥጎረጎራል። ስለዚህ ደሴ መስተዋቱን በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ያጥበዋል፣ ያደርቀዋል፣ ከዚያ ደረቅ የልብስ ሳሙና በስሱ ያሸዋል፣ በመጨረሻ ሳሙናው ከዓይን እስኪጠፋ በጥጥ ጨርቅ ይወለውለዋል። የወለሉን ምንጣፍ አውጥቶ ይጨምቃል፤ እግር ሥር እርጥበት ካለ ሳሙናው ከንቱ ነው። ከመሪው ፊት ደግሞ ማታ ምድጃ ላይ የደረቀ ጨው እርጥበቱን እንዲመጥለት በካልሲ ቋጥሮ ያስቀምጣል። ይህ ሁሉ ልፋት አንድ ሰዓት ቢያስኬድ ነው። ከዚያ በኋላ የሚያድነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የፊቱን መስኮቶች በግራም በቀኝም አንድ ጣት ያህል ከፍቶ፣ ነፋሱ ባንዱ ገብቶ በሌላው እንዲወጣ አድርጎ መንዳት።

የግራውን ጥግ እያሸ ሳለ ከግቢው ማዶ፣ ከሐጂ ሁለተኛ መኪና ጀርባ፣ ድምፅ ሰማ። አንዱ ሐጂ ሱለይማን ነው። ሌላው ሃይላይ ነው፤ በእህል ገበያው ጆንያ የሚሸከመው ሃይላይ።

«ሐጂ፣ ይህቺኛዋ ተጠግናለች አሉ።»

«ተጠግናለች።»

«ሰው አገኙላት?»

«እስከ ማታ አገኛለሁ።»

ሃይላይ ጉሮሮውን ጠረገ። «መንጃ ፈቃዴ አልሞተችም። በየጊዜው አድሻታለሁ። ወገቤ ጆንያውን እምቢ አለ፣ ሐጂ።»

 ሐጂ ሱለይማን ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ደሴ ግን ሰማው። «ስማኝ ሃይላይ። እጅህ ንጹሕ ነው፣ የሰው ነገር አትነካም፣ ይህን ሁሉም ያውቃል። ግን ሳያይ ለነዳ ሰው የሰው ነፍስ አልሰጥም። ያን ሽማግሌ እስከ ዛሬ ገበያ ውስጥ አየዋለሁ። እግሩን እየጎተተ መጥቶ ሰላም ይለኛል። መኪናዋ የኔ ስለሆነች የማፍረው እኔ ነኝ።»

«እሺ ሐጂ።»

«አትቀየመኝ።»

«አልቀየምም። ነገ ማለዳ ወደ ወርቁ በሚሄደው ሎሪ ላይ ቦታ ይዣለሁ። ከዚያ በፊት ልጠይቅ ብዬ ነው።»

ወደ ወርቁ ማለት ወደ ሰሜን በረሃ ነው፤ ጉድጓድ ገብቶ ድንጋይ መፈልፈል። አምና ከዚህ ከሄዱት ሁለቱ ጉድጓድ ተደርምሶባቸው እዚያው ቀርተዋል። ሬሳቸውን ያወጣ የለም፤ ጉድጓዱ ነው መቃብራቸው።

ሃይላይ ከግቢው ሲወጣ መንገዱ በደሴ አጠገብ ነበር። ደሴ ሳሙናውን ይዞ ቆሟል፤ መደበቂያም የለው። ሃይላይ ደሴ እንደሰማ አወቀ። ቆም አለ፣ መስተዋቱን አየው።

«እንዴት አደርህ፣ አያ ደሴ።»

«እግዜር ይመስገን።»

«የላዩን ጥግ ዘለልከው» አለና ሄደ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ሃይላይ የደሴ ረዳት ነበር፤ ሃያ አራት ዓመቱ፣ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ገና ሁለት ወሩ። ጥር ነው፣ ማለዳ ነው፣ ብርድ ነው። የጫኑት ከአጨዳ የሚመለሱ ወረቀት የሌላቸው ሠራተኞች ነበሩ። የሠራተኞቹ ምግብ አብሳይ፣ አንዲት ሴትዮ፣ ነፋስ መታኝ አለች፤ ሌሎቹም ተቀበሏት። የእኛ ሰው ከሌባ ይልቅ ነፋስ ይፈራል። ሙቀት ቢያፍነው ይታገሣል፤ በመስኮት የገባ ነፋስ ግን ከዚያ ወዲህ ያመመውን ሁሉ፣ ጥርሱንም ወገቡንም፣ ያመጣበት እሱ ነው። ሃይላይ «አያ ደሴ፣ አንድ ጣት ትከፈት» አለ። ደሴ «ዝም በል፣ ሰው አታስቀይምብኝ» ብሎ መስኮቱን ዘጋ። መስተዋቱ ነጣ። በእጅጌው ጠረገው፣ ባሰበት። የአህያ ጋሪ ፊቱ ሲደርስ ያየው የአህያዋን ጆሮ ብቻ ነው። አህያዋ ሞተች። ባለጋሪው፣ ውሃ የሚሸጥ ሽማግሌ፣ ራሱን ስቶ ወደቀ፤ እግሩ ከጉልበቱ በታች ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ተሳፋሪዎቹ ፖሊስ ሳይመጣ በየሰሊጡ ማሳ ተበተኑ። የደሴ መንጃ ፈቃድ ጊዜው ካለፈ አራት ወር ሆኖት ነበር። ሃይላይን በክንዱ ያዘው፤ «አንተ ፈቃድ አለህ፣ እኔ የለኝም። ስድስት ልጅ አለብኝ። ሁለት ቀን ብቻ፤ እኔ አስወጣሃለሁ። ለማንም አትንገር» አለው። ሃይላይ ዞሮ በሾፌሩ በር ገባና መሪው ላይ ተቀመጠ።

ሁለቱ ቀን አምስት ወር ሆነ። የሽማግሌው ዘመዶች እግሩ ቆሞ ሳይሄድ ሃይላይ እንዳይፈታ አሉ። ደሴ በሁለት ሳምንት ፈቃዱን አሳደሰ። ሃይላይ ሲወጣ ወሬው ሞቀፉ ላይ፣ መኪኖች ተራ በሚይዙበት፣ ቀድሞት ደርሷል፤ «ሳያይ የነዳው» የሚባል ስም ወጥቶለታል። ከዚያ ወዲህ መሪ የሰጠው የለም። ደሴ እናገራለሁ ያለው መጀመሪያ ሃይላይ ሲፈታ ነበር። ከዚያ ትልቋ ልጁ ስትዳር፣ ከዚያ ሁለተኛው ግብፅ ሲገባ፣ ከዚያ ጦርነቱ ሲያልፍ። ሃይላይ አንድም ቀን አልጠየቀውም። ቢጠይቀው ይቀለው ነበር።

ደሴ ከመነሣቱ በፊት ቁርስ ለመቅመስ ወደ ቤቱ ጎራ አለ። ቤቱ አንድ ክፍል ነው። ጣሪያው በሁለት ቦታ ስለሚያፈስ አልጋው ከግድግዳው ተስቦ መሐል ቆሟል፤ ከሚያፈስበት ሥር ሳፋና ድስት ተቀምጠዋል፤ ድስቱ ሲሞላ ድምፁ ይወፍራል። ልጆቹ ሁሉም ወጥተው የቀሩት እሱና ሚስቱ በለጡ ናቸው። በለጡ ፉሉን በሰሊጥ ዘይት ለውሳ ከሁለት ዳቦ ጋር አቀረበችለት። ዳቦው ካምናው በግማሽ አንሷል። እሷ እየበላች እንዳልሆነ አየ፤ በልቻለሁ እንደምትለው ስላወቀ አልጠየቃትም።

«ሃይላይ ወደ ወርቁ ሊሄድ ነው አሉ» አለች።

«አሉ።»

«ሚስቱ ርግኣት ኡም ጋርጉር ካምፕ ሁለት ልጅ ይዛ ልትቀር ነው።»

ደሴ ዳቦውን አጠቀሰ። ሃይላይ በታሰረ ጊዜ በለጡ አምስት ወር ሙሉ ዓርብ ዓርብ ስንቅ ታደርስ ነበር። ደሴ «ረዳቴ ነው፣ ዘመድ የለውም» ብሏት ነበር፤ ሌላ አልነገራትም፣ እሷም ሌላ አልጠየቀችውም። ግን ዓርብ ሲደርስ በቤቱ ካለው ሁሉ የተሻለውን ለእስረኛው ትመርጥ ነበር። ለልጆቿ ሥጋ ሳይኖር ለእሱ ሥጋ ነበረው። ለረዳት እንዲህ አይደረግም። እንደምታውቅ ደሴ ያወቀው ከዚያ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሁለቱም እያወቁ ባንድ ትሪ በልተዋል።

«ሳሙና አልቋል» አለች ሳህኑን ስታነሣ። «ስትመለስ ግዛ።»

«ቁራጭ አለኝ።»

«እሱ የመስተዋት ነው። እኔ ለልብስ ነው ያልኩህ።»

ሞቀፉ ላይ እስማኤል ሰው ጠርቶ ሞልቶ ጠበቀው። እስማኤል ሂሳብ ተቀባዩ ነው፤ አርባ ዓመት አልፎታል፣ ሱዳን ተወልዶ ያደገ፣ አማርኛውን ከእናቱ ዐረብኛውን ከመንገድ የተማረ። «አያ ደሴ፣ ዛሬ ሳሙናውን ያሸኸው መስተዋቱን ነው ፊትህን?» አለው። ደሴ ሞተሩን አስነሣ። እስማኤል በሩን ዘግቶ፣ «ያላ፣ እንሂድ፤ ዛሬ ሰውዬው አይቀለድበትም» ብሎ ለተሳፋሪው ነገረ። ሲሄዱ ዝናብ አልነበረም። ሀዋታ በሰላም ገቡ። ደሴ ምሳ አልበላም። የረሃድ ወንዝ ሞልቶ እርሻዎቹን ያለበሰውን ውሃ ቆሞ ሲያይ ቆየ፤ ስለ ውሃው ግን አላሰበም። ነገ ማለዳ ሎሪው ስንት ሰዓት እንደሚነሣ ያሰላ ነበር።

ሰባት ሰዓት ላይ ለመልስ ጉዞ ጫኑ። ከደሴ ጀርባ ባለው መቀመጫ ብፅአት የምትባል አራስና እናቷ ማሚት ተቀመጡ። ቤታቸው ውሃ ገብቶበት ገዳሪፍ ዘመድ ጋ መሄዳቸው ነው። ሕፃኑ ስምንተኛ ቀኑ ነው፤ ከሦስት ብርድ ልብስ ውስጥ የሚታየው የአፍንጫው ጫፍ ብቻ ነበር። ከኋላቸው ነጋዴዎች፣ አንድ ሱዳናዊ መምህር፣ ዶሮ የያዘች ሴት፣ ከሁሉ ኋላ ደግሞ ያረጋል የሚባል ወፍራም የከሰል ነጋዴ። ከሀዋታ በወጡ በሩብ ሰዓት ዝናቡ ያዛቸው።

«ሾፌር፣ ያን መስኮት ዝጋልን» አለች ማሚት።

«እናቴ፣ አንድ ጣት ናት።»

«ባንድ ጣት የገባ ነው የሚገድለው። አራስ እኮ ይዘናል።»

«ዝጋው እንጂ ሰውዬ» አሉ ከመሐል።

«ተዉት፣ ሞቆት ነው» አለ ያረጋል ከኋላ። «ወጣት ሚስት ቢያገባ ነው በዚህ ብርድ የሚሞቀው።» ሰዉ ሳቀ። ዶሮ የያዘችው ሴት እንኳ ሳቀች።

ደሴ አራሷን በኋላ ማሳያው አያት። ልጅ ናት፤ ሃያ ዓመት አይሞላትም፤ ሻሿን እስከ ቅንድቧ ስባ አንገቷን ደፍታለች። መስኮቱን ዘጋ። እስማኤልም በበኩሉ ዘጋ። ለጥቂት ጊዜ ሳሙናው ያዘላቸው። ከዚያ መስተዋቱ ከጥግ ጥግ መንጣት ጀመረ፤ ንጣቱ ከግራም ከቀኝም እየገፋ መጥቶ ለደሴ የሰሐን ያህል ቀዳዳ ተወለት። የሰዉ ልብስ እርጥብ ነው፣ ጆንያው እርጥብ ነው፣ ዶሮዋ እንኳ እርጥብ ናት። ደሴ ማርሽ ቀነሰ። አንገቱን አሰገገ። ከፊት የሚመጣ የጭነት መኪና ሁለቱ መብራት አንድ ቢጫ ነገር ሆኖ ታየው፤ በየት በኩል እንደሚያልፈው ያወቀው በድምፁ ነው። እጅጌው ወደ መስተዋቱ ሊሄድ ሲል ያዘው። የመንገዱን ዳር እየፈለገ ቀስ ብሎ ወጣ፣ ቆመ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳበ።

«ተበላሸች?» አለ መምህሩ በዐረብኛ።

«አልተበላሸችም» አለ ደሴ። «አይታየኝም። መስኮት ካልተከፈተ አልሄድም።»

«ጥረገዋ!» አለ አንዱ።

«ሲጠረግ ይብሳል።»

«እዚህ ልታሳድረን ነው እንዴ?» አለ ያረጋል። «ስንቱ ሾፌር ዘግቶ ይነዳል። አንተ ፈርተህ ነው።»

ደሴ ወንበሩ ላይ ዞረ። ሊል ያሰበው ሌላ ነበር፤ ስለ ትንፋሽና ስለ ማራገቢያው ሊያስረዳ ነበር።

«እኔም ዘግቼ ነድቻለሁ» አለ። «በዚሁ መንገድ። የሰው እግር ሰብሬአለሁ።»

ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል። በር ላይ የቆመው እስማኤል ዝቅ ብሎ፣ «አያ ደሴ፣ ያ ሃይላይ ነው እንጂ» አለው።

«እኔ ነኝ። ሃይላይ የታሰረው ለኔ ነው።»

 ያረጋል ሊቀልድ አፉን ከፍቶ ተወው። ማሚት ብቻ ወደ ፊት ጠጋ ብላ ደሴን አየችው፤ ዕቃ ከመግዛቷ በፊት እንደምታይ ሴት አድርጋ ነው ያየችው።

«ሰውዬው ዳነ?»

«ያነክሳል።»

«ብፅአት፣ ተነሺ» አለች ማሚት። «ወደ ኋላ። አንተ ወፍራሙ፣ አፍህ ሙቀት አለው፤ ናና እዚህ ነፋሱ ጋ ተቀመጥ።» ያረጋል እያጉረመረመ ተነሣ። አራሷ ከኋላው ጥግ ገባች፤ የመምህሩ ካፖርት በመቀመጫው ላይ ተሰቅሎ መጋረጃ ሆናት። ማሚት ራሷ ከመስኮቱ ጎን ተቀመጠች፣ ነጠላዋን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ አሰረች። «አሁን ክፈተው። አንድ ጣት ብለሃል፤ ሁለት እንዳታደርጋት።»

ደሴ ከፈተ። ነፋሱ ገባ፣ ያረጋል ነጠሰ፣ ንጣቱ ከዳር ወደ መሐል እየሳሳ ሄደ። መንገዱ ታየ፤ ግራና ቀኙ ውሃ የተኛበት ጥቁር አፈር፣ መሐሉ ጠባብ አስፋልት። ጥቂት ከተጓዙ በኋላ እስማኤል ወደ ጆሮው ጠጋ አለ።

«እኔ ምንም አልሰማሁም። እነዚህም ገዳሪፍ ሲደርሱ ይበተናሉ።»

«ያኔም ተበትነው ነበር» አለ ደሴ።

«ሐጂ ቁልፉን ይነጥቅሃል። በስድሳ ሦስት ዓመትህ ማን መሪ ይሰጥሃል?»

«ማንም።»

 እስማኤል ገዳሪፍ እስኪገቡ የተሳፋሪውን ገንዘብ ሁለቴ ቆጠረ፤ ሁለቴም ተሳሳተ።

ሐጂ ሱለይማን የከሰዓቱን የዐስር ሶላት ሰግዶ ምንጣፉን እያጠፈ ነበር። ደሴ ጫማውን አውልቆ በሩ ላይ ቆመ። ሠላሳ ዓመት ይተዋወቃሉ፤ ሐጂ ሁሌም ተቀመጥ ይለዋል፣ ዛሬም አለው። ደሴ አልተቀመጠም። ነገሩን በአራት ዓረፍተ ነገር ጨረሰ። ፈቃዱ አልፎ እንደነበር፣ መስኮቱን የዘጋው እሱ እንደሆነ፣ መሪው ላይ የነበረው እሱ እንደሆነ፣ ሃይላይን የለመነው እሱ እንደሆነ። ስድስት ልጅ ነበረኝ አላለም።

ሐጂ የታጠፈውን ምንጣፍ እንደገና ዘረጋው፣ እንደገና አጠፈው።

«ለምን ዛሬ?»

«ጧት ከሃይላይ ጋር ስታወራ ሰማሁ።»

«እሱ ከመሄዱ በፊት መሆኑ ነው።»

«እሱ ከመሄዱ በፊት።»

«ያን ሽማግሌ ባየሁ ቁጥር ሃይላይን ነበር የምረግመው» አለ ሐጂ። «ከሶላት ወጥቼ እንኳ ረግሜዋለሁ። እርግማኑ የት ሄደ? ማን ላይ አረፈ?»  ሐጂ እጁን ዘረጋ፤ ደሴ ቁልፉን ሰጠው። «ነገ ና። ምን እንደማደርግህ ዛሬ አላውቅም። ግን ለኔ ቤቴ ውስጥ መንገርህ ለሃይላይ ምን ይረባዋል? ስሙ የጠፋው ሞቀፉ ላይ ነው። ጫማህን አድርግ።»

አብረው በጭቃው ሄዱ። ሐጂ ጀለቢያውን በአንድ እጁ ሰብስቦ ይዞ ፊት ይሄዳል፣ ደሴ ከኋላ።  እስማኤል ሃይላይን ሊጠራ ወደ እህል ገበያው ተላከ። ሞቀፉ ላይ፣ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር፣ አሥር የሚሆኑ ሾፌሮች ተራቸውን እየጠበቁ ካርታ ይጫወታሉ። ሐጂ ሱለይማን ሲገባ ተነሡ። «ተቀመጡ። ደሴ የሚለው አለው» አለና ወደ ጎን ቆመ።

ደሴ ተናገረ። መጀመሪያ የሳቀው ኣስፋሃ ነው፤ «ሳያይ የነዳው» የሚለውን ስም ያወጣው እሱ ነበር። ቀልድ መስሎት ሳቀ። የሐጂን ፊት ሲያይ አቆመ።

«እና ጧት ጧት ሳሙና ስታሽ የኖርከው ለዚህ ነው?» አለ ኣስፋሃ።

«ለዚህ ነው።»

«እኛንም እሹ እያልክ ትመክረን ነበር።»

«ነበር።»

«ሰው ነህ አንተ?» አለ ሌላው።  አንዱ ካርታውን ሰበሰበ፤ አንዱ ምራቁን ወደ ዝናቡ ተፋ። ደሴ ባለበት ቆመ።  ከነዚህ ሰዎች ጋር ሃያ ዓመት ባንድ ሳህን ፉል በልቷል።

ሃይላይ መጣ። ትከሻው ላይ የጆንያ ቁራጭ ደርቧል፤ ጸጉሩ የማሽላ ብናኝ ለብሶ ሸብቷል። ሐጂ የሁለተኛዋን መኪና ቁልፍ ዘረጋለት። «ነገ ጧት ተራ አላት» አለው። ሃይላይ ቁልፉን አላየም። ደሴን አየ።

«ተናገርክ?»

«ተናገርኩ።»

«ለሁሉም?»

«እዚህ ላሉት።»

ሃይላይ ቁልፉን ተቀበለ። ሾፌሮቹ አንድ ነገር እንዲል ይጠብቃሉ፤ ኣስፋሃ እጁን ዘርግቶ ሊጨብጠው ቆሞ መልሶ ኪሱ ከተተው። 

«ርግኣት አታውቅም» አለ ሃይላይ።

ደሴ አልገባውም። «ምኑን?»

«ለማንም አትንገር ብለኸኝ ነበር እኮ። ከድንበሩ ተሻግራ በስደተኞች መቀበያው፣ በመንደር 8 በኩል ስትመጣ ነው ያገኘኋት፤ ሳንጋባ ሰው ነግሯት ነበር። እግር የሰበርከው አንተ ነህ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ነኝ አልኳት። እንዲያም ሆኖ አገባችኝ።» ቁልፉን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ። «ልጁን ብስክሌት ላይ ላስቀምጠው ስል ከእጄ ትወስደዋለች። ክፉ አትናገረኝም። ትወስደዋለች ብቻ።»

ደሴ ይህን አላሰበውም ነበር። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ሌላውን ሁሉ አስቦታል፤ ሐጂን፣ ሞቀፉን፣ ሽማግሌውን። ሃይላይ በገዛ ቤቱ ውስጥ፣ ከሚስቱ ጎን ተኝቶ፣ ያን ቃል ይጠብቃል ብሎ ግን አላሰበም።

«ደውልላትና ስጠኝ» አለው።

ሃይላይ ስልኩን አወጣ። ወደ ኡም ጋርጉር ያለው መስመር ሁለቴ ተቆረጠ። በሦስተኛው ገባ። ሃይላይ በትግርኛ ጥቂት ተናግሮ ስልኩን ሰጠው። ዝናቡ ተመልሶ ቆርቆሮው ላይ መውረድ ጀምሯል፤ ደሴ አንዱን ጆሮውን በእጁ ደፈነ። ሾፌሮቹ ቆመው ይሰማሉ፣ ሐጂ ሱለይማን ቆሞ ይሰማል።

«ርግኣት፣ ደሴ ነኝ፤ ሾፌሩ። የዚያን ቀን መኪናዋን የነዳሁት እኔ ነኝ። የሽማግሌውን እግር የሰበርኩት እኔ ነኝ። ሃይላይ መስኮት ክፈት ብሎኝ ነበር፣ እኔ ዘጋሁት። እሱ መሪ አልነካም። አትናገር ያልኩት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ወገን የልጅ ለቅሶ ይሰማ ነበር። አንድ ሰው ልጁን አባበለው፣ ለቅሶው ቆመ።  ደሴ መስመሩ የተቆረጠ መስሎት ስልኩን ከጆሮው አንሥቶ አየው፤ አልተቆረጠም። መልሶ ጆሮው ላይ አደረገው።

«ድገመው» አለችው።

ደገመው።